ሁለት ደቂቃ የተነፋ ፊኛ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ጠመዝማዛውን ሳያጋምስ ጆሮው ይደፈንበታል። ምራቁን ይውጣል፣ ያዛጋል፣ ማስቲካ ያኝካል፤ ድንገት የሆነ ነገር ጧ ይልና የአውቶቡሱ ሞተር ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ጧ ብሎ የተከፈተው ከታምቡር ጀርባ ያለውን ክፍተት ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው፣ በአዋቂ ሰው 36 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዩስታኪያን ቱቦ ነው። ስሙን ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዝርዝር ከገለጸው ጣሊያናዊ፣ ከባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ ነው።

ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። የሚከፈተው ስንውጥና ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ሲስቡት፣ ያውም ከሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። አለርጂ ወይም የቆየ የአፍንጫ ብግነት የውስጥ ሽፋኑን ካሳበጠው ግን እምቢ ይላል። ውስጥ የቀረው አየር ቀስ በቀስ ወደ ደም ይመጠጣል፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል። መንገደኛውን ለአሥር ደቂቃ ያስቸገረው ነገር አንዳንዱ ሰው ላይ ዓመታት ይቆያል።

ቱቦውን ለመክፈት ከሞከሩት ቀደምቶች አንዱ ሐኪም አልነበረም። የቬርሳይ ፖስታ ቤት ኃላፊ ኤድሜ ዢል ጊዮ እ.ኤ.አ. በ1724 ጎባጣ ቧንቧ በራሱ አፍ አስገብቶ የተደፈነ ጆሮውን እንዳጠበ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። ያለ ማደንዘዣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ በብዛት የተለመደው መፍትሔ ግን ቱቦውን ትቶ ታምቡሩን መብሳት ነው፤ በሩ አልከፈት ሲል መስኮት እንደማውጣት። በተበሳው ቦታ የምትገባው ትንሽ የአየር ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። ቀዳዳው ሲደፈን ዩስታኪያኑ አሁንም ዝግ ከሆነ ታማሚው ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመኗ ቢሌፌልድ የነበሩ ሐኪሞች ራሱን በሩን የሚነካ ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ታማሚው በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ፣ በአፍንጫው በኩል በካሜራ እየታየ፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ፊኛ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በ10 ባር ግፊት ለሁለት ደቂቃ ይነፋል። የቤት መኪና ጎማ ከሚነፋበት አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ፊኛው ተንፍሶ ይወጣል፤ ውስጥ የሚቀር ባዕድ ነገር የለም።

ታዲያ ምንም ካልቀረ ቱቦው ተመልሶ የማይዘጋው ለምንድን ነው? ከታካሚዎች የተወሰዱ ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ ፊኛው ያበጠውንና የተቆጣውን የሽፋን ክፍል ጨፍልቆት በቦታው ጤነኛ ሽፋንና ስስ ጠባሳ ተተክቶ ተገኝቷል። የላንቃ ጡንቻው ቱቦውን ሲስብ የሚጠብቀው እብጠት ቀንሷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ፊኛ ከተነፋላቸው ታካሚዎች መካከል በስድስት ሳምንት የጆሮ ግፊት ምርመራቸው የተስተካከለው 51.8 በመቶ እንደነበሩ አሳየ፤ የአፍንጫ ስቴሮይድ ብቻ ከወሰዱት 13.9 በመቶ። ዓመት ሲሞላ ክትትል ላይ በነበሩት ዘንድም ከግማሽ በላይ ጆሮዎች እንደተስተካከሉ ነበሩ። ሌላ ቡድን ክትትሉን በአማካይ ከሁለት ዓመት በላይ አስረዝሞ መሻሻሉ እንዳልጠፋ ዘግቧል፤ እዚያ የደረሱት ሰዎች ግን 47 ብቻ ናቸው። የረጅም ጊዜ ክትትል ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ በረዘመ ቁጥር የሚመጣው ሰው ያንሳል፣ የቀረው ድኖ ይሁን ተስፋ ቆርጦ አይለይም። ከግማሽ በላይ ተሳካ ማለትም ግማሽ የሚጠጋው ጆሮ አልተስተካከለም ማለት ነው።

ፊኛው ካልረዳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ቀድሞውንም ቱቧቸው ያልተዘጋ ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ችግር ጆሮን የደፈነ ያስመስላል። ቱቦው ከልክ በላይ የተከፈተበት፣ የራሱ ትንፋሽ ጆሮው ውስጥ የሚጮህበት ሰውም «ጆሮዬ ሞላ» ይላል፤ ለሱ ፊኛ መንፋት የተከፈተ በር ይበልጥ መበርገድ ነው።

በክትትል ቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ትንሽ የጎማ ጫፍ ያለው መሣሪያ የታካሚው ጆሮ ላይ ይገጥማል፤ ግፊቱ በሰከንዶች ሽቅብ ቁልቁል ይልና ወረቀቱ ላይ ጫፍ ያለው ኮረብታ ይሳላል፣ ወይም ጠፍጣፋ መስመር። ከዚያ ታካሚው ሰባት ጥያቄ ይመልሳል፤ ሕመም፣ ጩኸት፣ መደፈን፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ። ወረቀቱና መልሱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ኮረብታው አምሮ የተሳለለት ሰው «አሁንም ድፍን እንዳለ ነው» ሲል፣ ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ መንጋጋውን መዳሰስ ይጀምራል።