የጊታር ዕድሜ ከመለያ ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በመቐለ ሰርግ ጓይላው ሲደራ፣ ከበሮውንና ክራሩን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ወፍራም ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የቤዝ ጊታር ነው። ክራሩ እዚሁ አገር በእጅ የተሠራ ነው፤ ዕድሜውን ለማወቅ ሠሪውን ወይም ባለቤቱን መጠየቅ ይቻላል። ቤዙና ሊድ ጊታሩ ግን ከሩቅ አገር ፋብሪካ ወጥተው በብዙ ሰው እጅ አልፈው የመጡ ናቸው። ዘመድ ከውጭ ያመጣው፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ሙዚቀኛ የተገዛ፣ ባንድ ሲበተን ለአንዱ አባል የደረሰ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ባለቤት አይታወቅም፤ ደረሰኝም የለም። የሚቀረው ምስክር በመሣሪያው ላይ የታተመው የመለያ ቁጥር፣ ሙዚቀኞች «ሴሪያል ነምበር» የሚሉት ነው።

ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ይቻላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ከሁለት ዓመት በላይ ተቋርጦባት በቆየች ከተማ የሚኖር ሰው፣ ነገሩን በራሱ ማወቅ ምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም። ከዚህም ሌላ የተዘጋጀ መልስ የሚያሳስትበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ፋብሪካዎች ቁጥር ያተሙት የሸጡትን ዕቃ ለመቆጣጠርና ለዋስትና እንጂ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ጠያቂ ዓመቱን ለመንገር አልነበረም።

ይህን በደንብ የሚያሳየው የፌንደር ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የፋብሪካ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ሊዮ ፌንደር ኩባንያውን በ1946 በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ አቋቋመ። በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት የቤዝ ድምፅ የሚወጣው ቆሞ ከሚጫወቱት ግዙፍ ኮንትራባስ ነበር፤ አዲሱ መሣሪያ ግን እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክቱ ብረቶች በአንገቱ ላይ የተደረደሩለት፣ በአምፕሊፋየር የሚጮህ ሆነ። በ1954 ስትራቶካስተር፣ በ1960 ደግሞ ጃዝ ቤዝ ተከተሉ።

የፌንደር ጊታር አንገቱና አካሉ ለየብቻ ተሠርተው በመጨረሻ በብሎን የሚጋጠሙ ናቸው። ብሎኖቹ የሚያልፉት ከጀርባ ባለ አንዲት አራት ማዕዘን የብረት ሰሌዳ ውስጥ ነው። ስትራቶካስተር ከወጣ በኋላ የመለያ ቁጥሩ የሚታተመው በዚያች ሰሌዳ ላይ ሆነ። ሰሌዳዎቹ ቁጥር ታትሞባቸው በሳጥን ይቀመጣሉ፤ ገጣጣሚው ሠራተኛ እጁ የገባለትን ያነሣል። ተራ የሚጠብቅ አልነበረም። ስለዚህ አነስተኛ ቁጥር ያለው ጊታር ትልቅ ቁጥር ካለው በኋላ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚሰጠን የዓመታት ክልል እንጂ ቁርጥ ያለ ቀን አይደለም።

ክልሉ ግን ዋጋ አለው። ከ1963 እስከ 1965 ባሉት ሰሌዳዎች ላይ ከቁጥሩ ፊት «ኤል» የሚል የላቲን ፊደል ይገኛል። በጃንዋሪ 1965፣ በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ፌንደር በ13 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ለሲቢኤስ ተሸጠ። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ከቁጥሩ ሥር ትልቅ የ«ኤፍ» ምልክት የታተመባቸው ሰሌዳዎች መጡ፤ እስከ 1976 ድረስም ቆዩ። የትግራይ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ማስረጃ ከአክሱም ሳንቲሞች ያውቀዋል። በሳንቲሞቹ ላይ የንጉሡ ስም እንጂ ዓመት አልተጻፈም። ሆኖም የንጉሥ ኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች የጨረቃና የክብ ምልክት፣ የኋለኞቹ ደግሞ መስቀል አላቸው፤ ምልክቱን ያየ ሰው ሳንቲሙ ንጉሡ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ይሁን በኋላ የተመታ መሆኑን ይለያል። የፌንደር «ኤፍ»ም ዓመቱን ሳይጠራ፣ መሣሪያው ከሽያጩ በኋላ ቁጥር የተሰጠው መሆኑን ይናገራል። ይህ ደግሞ ገበያ ላይ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በፊት ለተሠራው እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላሉ።

ከ1976 መጨረሻ ጀምሮ ቁጥሩ ከጀርባው ሰሌዳ ተነሥቶ መቃኛዎቹ ወደተተከሉበት ወደ ጊታሩ ራስ ተዛወረ። ዓመቱንም መናገር ጀመረ። «ኤስ» ሰባዎቹን፣ «ኢ» ሰማንያዎቹን፣ «ኤን» ዘጠናዎቹን፣ «ዜድ» ከ2000 የሚጀምሩትን ዓመታት ያመለክታል፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ኤስ 8» ብሎ የሚጀምር 1978ን፣ «ኤን 4» ብሎ የሚጀምር 1994ን ያመለክታል። በሜክሲኮ ለተሠሩት ከፊት «ኤም» ይጨመራል። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ አይቀርም፤ የተረፉ ቁጥሮች ለቀጣዩ ዓመት ምርት ያገለገሉበት ጊዜ አለ፤ በ1990 ከተሠሩትም መካከል በስህተት «ኤን 9» የታተመባቸው አሉ።

ሌላው ታላቅ አሜሪካዊ አምራች ጊብሰን ነው። በ1902 በሚሺጋን፣ ካላማዙ ከተማ ተመሠረተ፤ ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን በ1952 አወጣ። የ1960ዎቹ ቁጥሮቹ ለጀማሪ አስቸጋሪ ናቸው፤ አንዱ ቁጥር ለተለያዩ ዓመታት ተደጋግሞ ተሰጥቷልና። ከ1970 ጀምሮ ከቁጥሩ ጋር በአሜሪካ መሠራቱን የሚገልጽ ጽሑፍ በጊታሩ ራስ ጀርባ መታተሙ ግን ይረዳል። በ1977 ደግሞ ጊብሰን ሥርዓት ያዘ፤ ይህ ሥርዓት እስከ 2005 ድረስ ለአብዛኞቹ ሞዴሎች ይሠራል።

ቁጥሩ ስምንት አኃዝ አለው። የመጀመሪያውና አምስተኛው አንድ ላይ ዓመቱን፣ በመካከላቸው ያሉት ሦስቱ በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የዕለቱን ተራ ያሳያሉ። ለምሳሌ 90728512 የሚል ቁጥር እንውሰድ። 9 እና 8 ዓመቱን 1998 ያደርጉታል። 072 ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሰባ ሁለተኛው ቀን፣ ማለትም ማርች 13 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ072 ፈንታ 300 ቢሆን ኖሮ ቀኑ ኦክቶበር 27 ይሆናል፤ ያ ግን ጥቅምት 17 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓው ዓመት አንድ ሆኖ ሳለ የእኛው ሁለት ሆነ። ስለዚህ ዝም ብሎ ስምንት መቀነስ አይበቃም፤ ቀኑ ከመስከረም ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዘመን አቆጣጠራችን ሌላም ወጥመድ አለው። የጃፓኑ አይባኔዝ ከ1975 እስከ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ገደማ ከቁጥሩ ፊት የወሩን ፊደል ያትም ነበር፤ «ኤ» ጃንዋሪ፣ «ኤል» ዲሴምበር ነው። «ኤች 78» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ስምንተኛውን ወር ያመለክታል። ስምንተኛው ወር ሲባል የእኛ ሰው ሚያዝያን ሊያስብ ይችላል፤ ቁጥሩ የሚለው ግን ኦገስት 1978 ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ 1970 ዓ.ም.። ኢንዶኔዢያ ውስጥ የተሠሩት ርካሽና ጠንካራ የስኳየር ጊታሮች ደግሞ ብዙዎቹ «አይ ሲ ኤስ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ያስቀምጣሉ፤ ለጀማሪ ከእነዚህ የሚቀል የለም።

እስካሁን ያየነው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሰሌዳ ግን በካቻቢቴ ይፈታል። የተሰበረ አንገት ይቀየራል፣ የአንዱ አካል ከሌላው አንገት ጋር ይጋጠማል፤ አስመስሎ የሚሠራ ደግሞ ትክክለኛ ቁጥር ከሌላ ጊታር ገልብጦ ያትማል። ጥሩ መርማሪ ስለዚህ ወደ ውስጥ ይገባል። ክሩ ላልቶ አንገቱ ሲወልቅ፣ አካሉ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ፋብሪካው የጻፈው ወይም ያተመው ቀን ይገኝ ይሆናል። በ1960ዎቹ የስትራቶካስተር አንገት ላይ «2 ማርች 65 ቢ» የሚል ቢታይ፣ ብዙ ሰው ማርች 2 ብሎ ያነበዋል። 2 ግን ቀን አይደለም፤ የስትራቶካስተር የሞዴል መለያ ነው። «ቢ» ደግሞ የአንገቱን ስፋት ይገልጻል። የሚነበበው ማርች 1965 ብቻ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ማስረጃ ግን ማንም ለማስመሰል የማይደክምበት ትንሽ ዕቃ ላይ ያለው ነው። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ ከሥሩ ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ክብ ዕቃ አለው፤ የአሜሪካ አምራቾች በጀርባው ወይም በጎኑ ላይ ኮድ ያትሙበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አምራቹን ይናገራሉ፤ 137 ሲቲኤስ፣ 304 ስታክፖል ናቸው። ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣሉ። 1376624 ማለት ሲቲኤስ፣ 1966፣ ሃያ አራተኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ሰኔ 1958 ዓ.ም.።

ይህ ኮድ የሚለው «ጊታሩ ከዚህ በፊት አልተሠራም» ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መቼም ሊሆን ይችላል። ፌንደር በ1966 ብዙ ፖቴንሽዮሜትር ገዝቶ ስለነበር፣ እስከ 1969 ድረስ በተሠሩ ጊታሮቹ ውስጥ የ1966 ኮድ ይገኛል። በሌላ በኩል «የ1965 ነው» የተባለ ጊታር የ1972 ኮድ ቢወጣበት፣ ወይ ፖቴንሽዮሜትሩ ተቀይሯል ወይ የተነገረው ትክክል አይደለም። የትኛው እንደሆነ ብየዳው ይመሰክራል፤ የፋብሪካው ብየዳ ያልተነካ ከሆነ ዕቃው አልተቀየረም።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ሙዚቃ ታሪክ ምን ያደርጋል? አይቤክስ ባንድ በ1976 በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ የመሣሪያ ሙዚቃ ሲቀርጽ፣ ዋልያስ ባንድ በቀጣዩ ዓመት «ቼ በለው» የተባለውን አልበም በካይፋ ሪከርድስ ሲያወጣ፣ በሰላም ስዩምና በማህሙድ አማን ጊታር፣ በጆቫኒ ሪኮና በመላከ ገብሬ ቤዝ አሁን ድረስ የምንሰማው ድምፅ ተፈጠረ። ሸክላዎቹ ተሰብስበዋል፣ ዳግም ታትመዋል። መሣሪያዎቹ ግን እንዲህ አልተመዘገቡም። ነገ አንድ ሰው ፌንደር ይዞ መጥቶ «ይህ በራስ ሆቴል ቀረጻ የተነካው ነው» ቢል፣ በጊታሩ ራስ ላይ «ኤስ 8» ከታተመ፣ አንገቱ ከቀረጻው ሁለት ዓመት በኋላ የተሠራ በመሆኑ ወሬው ይወድቃል። «ኤፍ» ያለበት ሰሌዳ፣ ተስማሚ የአንገት ቀንና ያልተነካ ብየዳ ከተገኘ ደግሞ ወሬው ገና እውነት አልሆነም፤ ሊሆን የሚችል ነገር ግን ሆኗል። ከዚያ የዘመኑን ፎቶግራፍ አውጥቶ የእንጨቱን ጭረትና የቀለሙን ልጣጭ ማመሳሰል ይቀጥላል።

መቐለ ውስጥ አሮጌ ጊታር ወይም ቤዝ ቤቱ ያለ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሊሠራው የሚችለው ቀላል ነው። የመሣሪያውን ራስ ፊትና ጀርባ፣ የአንገቱን ሰሌዳ፣ የአካሉን ፊትና ጀርባ በቀን ብርሃን ፎቶ ማንሣት፤ ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ ከነባዶ ቦታው እንዳለ መገልበጥ፤ ከማን እንደተገዛና የት እንደተጫወተ የሚያስታውስ ሰው ካለ አብሮ መጻፍ ይበቃል። ቁጥሩን ለማንጻት በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ግን ምስክሩን ማጥፋት ነው። አንገቱን የሚፈታም ከዚህ በፊት የፈታ ሰው ይሁን።

ቁጥር የሌለው ክራርም ከዚህ ምርመራ ሙሉ በሙሉ ውጭ አይደለም። ኤሌክትሪክ ክራር ድምፅ ማንሻና ፖቴንሽዮሜትር ተገጥሞለት ከሆነ፣ የዕቃውን ጀርባ አገላብጦ ማየት ነው። ከአሮጌ ራዲዮ ወይም ከተሰበረ ጊታር የወጣ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ኮዱ ከክራሩ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል፤ ከክራሩ ሊያንስ የሚችለው ግን በኋላ ከተቀየረ ብቻ ነው። ኮዱ ካለና ብየዳው የመጀመሪያው ከሆነ፣ ሠሪው ክራሩን ኤሌክትሪክ ያደረገበት ሥራ ከየትኛው ዓመት በፊት እንዳልተጠናቀቀ እናውቃለን።