ከጦርነት የተረፈ ቃለ ጉባኤ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እውነት መሆኑን ከሚያስረዱልን ታሪኮች አንዱን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 5 ቀን 1776 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂንያ ግዛት፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ የሚማሩ 5 ወጣቶች ተሰብስበው «ፋይ ቤታ ካፓ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ የግሪክ ፊደላት «ጥበብን መውደድ የሕይወት መሪ ነው» ለሚለው ቃል መነሻ ናቸው። ማኅበሩ ዛሬ በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎች የሚከበሩበት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዘመን ግን በምሥጢር የሚሰበሰብ የክርክር ጉባኤ ነበር።

ወጣቶቹ ከመጀመሪያው ቀን አንሥተው ቃለ ጉባኤ ይጽፉ ነበር። በመዝገባቸውም የአባላት ስምና የክርክሩ ርእስ ይገኛል። በሰላም ጊዜ ቋሚ ጦር ማኖር ለሕዝብ ነፃነት ያሰጋል ወይስ አያሰጋም ብለው ተከራክረዋል፤ የባሪያ ጌትነት በሕግ በጸናበት በዚያ ግዛት ተቀምጠውም አፍሪካውያንን ባሪያ ማድረግ ፍትሕ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ አንሥተዋል። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ፣ ይህ ጥያቄ በዚያ ቤት መነሣቱን ማን ባወቀ ነበር?

በ1779 ዓ.ም. ኤልሻ ፓርመሊ የተባለው አባል፣ በየልና በሃርቫርድ ቅርንጫፍ እንዲያቋቁም የሚፈቅድ ደብዳቤ ተሰጠው። ቅርንጫፎቹም በ1780 እና በ1781 ዓ.ም. ተቋቋሙ።

በዚያው መካከል የነፃነቱ ጦርነት ወደ ቨርጂንያ ገባ። በጃንዋሪ 1781 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ የቀሩት አባላት ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡትም ጽሑፎቻቸውን ከጥፋት ለማዳን ነበር፤ ማኅበሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ እንዲጠበቁም በማኅተም አሽገው ለኮሌጁ መጋቢ አስረከቡ። በ4 ዓመት ውስጥ የተመዘገቡት አባላት 50 ነበሩ፤ ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን ማርሻል ከእነርሱ አንዱ ነው።

በዊልያምስበርግ የነበረው ጉባኤ ተበተነ፤ ነገር ግን በሰሜን የተተከሉት ቅርንጫፎች ማኅበሩን አቆዩት። የታሸገውም መዝገብ ከጦርነቱ ተርፎ ለተመራማሪዎች ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ከባድ ነገር አይደለም። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በእድር የጸሐፊነት ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ሥራ ይቈጠራል። እኛ ግን እነዚያ ወጣቶች ጠላት በደጃቸው ሳለ ከሁሉ አስቀድመው መዝገባቸውን ማሰባቸውን ስናይ፣ ቀኑንና የተባለውን በጥንቃቄ የሚጽፈውን ሰው እናመሰግናለን።