ጫት ሲወደድ ማሽላ ግዙ

ነሐሴ ላይ ጭሮ እህል ተራ ጥቂት የቆመ ሰው ማሽላ በኩንታል የሚጠይቅ ብዙ አያገኝም። የሚገዛው በኪሎ ነው፣ በጣሳ ነው፤ አንዳንዱ ፌስታሉን ዘርግቶ “የመቶ ብር አድርጊልኝ” ይላል። ጫት ተራው ደግሞ ዝናብ ባጠገበው ቅጠል ተጥለቅልቋል። ቅጠሉ ሲትረፈረፍ ዋጋው ይወርዳል። ጠዋት ጫቱን ሸጦ ከሰዓት ማሽላ የሚገዛ ገበሬ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ የሸጠው ረክሶ፣ የገዛው ተወዶ።

ጥር ላይ ያው ገበያ ይገለበጣል። የመኸሩ ማሽላ ተወቅቶ ገብቷል፣ ሻጩ ብዙ ነው፣ ዋጋው የዓመቱን ወለል ይነካል። ጫቱ በበጋው ድርቀት ቅጠል ያንሰውና ይወደዳል። ማሳውን የሚያጠጣበት ውሃ ያለው ሰውማ ኪሱ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው።

ለስሌት ያህል ጥር ላይ አንድ ኩንታል ማሽላ በ10 ዙርባ (እስር) ጫት ይገዛ ነበር እንበል። እስከ ነሐሴ ማሽላው በሲሶ ቢጨምርና ጫቱ በግማሽ ቢወርድ ያንኑ ኩንታል ለመግዛት ወደ 27 ዙርባ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የሁለቱ ዋጋ አቅጣጫ ግን ከገለምሶ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ጭሮ በጫት ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የክፉ ቀን ስንቅን በዚህ ዓምድ ያነሳሁት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ እህልና ውሃ ማስቀመጥ ሲነሳ ብዙ ሰው ጦርነት ወይም ረሃብ ይታየዋል። ድርቅ ባይመጣም፣ መንገድ ባይዘጋም እንኳ ጥር ላይ የተገዛ ማሽላ ነሐሴ ላይ ትርፉን ይሰጣል። ክፉው ቀን ከመጣ ደግሞ ትርፉ ሕይወት ነው።

“ገንዘቤን ባንክ ባስቀምጥስ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ነበር። በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። ያን ዓመት በ7 በመቶ ወለድ የቆጠበ ሰው ብሩ በቁጥር ቢበዛም በእህል ሲመነዘር አንሶበታል። እርግጥ ማሽላም ሁልጊዜ አያሸንፍም። የበልጉ ዝናብ ጥሩ ሆኖ፣ መጪው ምርት አምሮ ዋጋው ሳይጨምር የሚቀርበት ዓመት አለ። ያኔም ቢሆን ባለቤቱ የሚበላውን ይዟል፤ የከሰረ ነጋዴ ግን ደረሰኙን አይበላም።

ሐረርጌ ይህን ጥበብ ከማንም አልተዋሰም። ገበሬው ማሽላውን መሬት ውስጥ መቅበር ያውቅበታል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውስጡ በገለባ ወይም በጭድ ይለበሳል፣ እህሉ ይሞላል፣ አፉ ታትሞ አፈር ይለበሳል። እህሉና ነቀዙ ሲተነፍሱ አየሩን ይጨርሱታል፤ ነቀዙም አብሮ ያልቃል። ቤት ቢቃጠል፣ ሌባ ቢመጣ፣ ጉድጓዱ ያለበትን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። በዳርና በታች ያለው እህል እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ ብዙ የቆየውም ለዘር አይሆንም። ሽታውን የለመደ ግን የጉድጓድ ማሽላ እንጀራ ይናፍቃል። ጉድጓድ ሲከፈት በደንብ ሳይናፈስ መግባት እንደሚገድልም ነባሩ ገበሬ ለልጁ ይነግራል። አየር የጨረሰው ጉድጓድ ለሰውም ያው ነው።

ይህን ልማድ ያሳሳው በአብዛኛው ጫት ነው። ማሽላ የነበረበት ማሳ ጫት ሲተከልበት ጉድጓዱ የሚሞላበት እህል ቀረ። ገንዘቡ ግን መጣ፤ ከማሽላው የተሻለ ገንዘብ። ስለዚህ ገበሬውን የሚወቅስ ክርክር አልወድም። የጎደለው ሌላ ነው፤ እህሉ ከማሳ ወደ ገበያ ሲዛወር የዓመቱን ስንቅ በአንዴ የማስገባቱ ልማድ አብሮ አልተዛወረም። ከተሜውማ ቀድሞም ጉድጓድ አልነበረውም።

መንግሥት የራሱ ጎተራ አለው። የመጠባበቂያ እህል ክምችቱ በ1974 የተቋቋመ ሲሆን አዳማና ድሬዳዋ መጋዘን ካለባቸው ከተሞች ውስጥ ናቸው። ጭሮ የምትገኘው በሁለቱ መካከል፣ በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ቅርብ ናት ሊባል ይችላል። ግን እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ቦኬ ወይም ሃዊ ጉዲና ያለ ቤት እስኪደርስ ጥናቱ አለ፣ ዝርዝሩ አለ፣ ጭነቱ አለ። በ2008 የኤልኒኞ ድርቅ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልገው ምዕራብ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በሰኔ 2015 ደግሞ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብለው በመላ አገሪቱ ማከፋፈሉን አቆሙ፤ እስኪመለስም ወራት ፈጀ። ሰኔ የጎተራ መራቆቻ ወር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆኑ ወደዚሁ ሐሳብ እየመጡ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2017 ዜጎች ቢያንስ ለ72 ሰዓት ራሳቸውን የሚችሉበት ስንቅ እንዲይዙ መክሯል። ስዊዘርላንድ ለአንድ ሰው 9 ሊትር ውሃና የሳምንት ምግብ ቤት ውስጥ ይኑር ትላለች። ሦስት ቀን ሲሉ የሐረርጌ አዛውንት ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ታዲያ ምን ያህል ይቀመጥ? የእርዳታ ሥራ የሚጠቀምበት ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለስድስት ሰው ቤት 90 ኪሎ እህል ይመጣል፤ በሌላ አነጋገር ወሩን አንድ ኩንታል ይሸፍነዋል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ክፉ ጊዜ ለማለፍ ሦስት ኩንታል ይበቃል ማለት ነው። ሦስት ኩንታል ያስገባ ቤት አከማችቶ ገበያ አናረ አይባልም። ይልቁንም ጥር ላይ ሲገዛ ለገበሬው ዋጋ ይደግፋል፣ ነሐሴ ላይ ከሰልፉ ሲወጣ ለጎረቤቱ ያቀላል። ገበያ የሚያናጋው ወሬ ሰምቶ ነሐሴ ላይ የሚሯሯጠው ነው።

ነቀዝ ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ ያፈርሳል። በተራ ማዳበሪያ የተቀመጠ ማሽላ ነሐሴ ሲደርስ ዱቄቱ ከፍሬው ይለያል። ሰው ይህን ፈርቶ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለውን የነቀዝ ክኒን ገዝቶ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ከእህሉ ጋር ይጨምረዋል። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ከዚህ የሚሻለው ሦስት ድርብ ያለው የፒክስ ከረጢት ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ሲሆን ወደ እኛም አገር ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው። ላስቲኮቹ በየተራ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ፤ አሠራሩ የጉድጓዱ ነው፣ ያለ እርጥበቱ። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ላስቲኩ ካልተቀደደ ግን በሌላ ዓመትም ያገለግላል።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ ማሽላና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

ትልቁ ጥያቄ ሦስት ኩንታል በአንዴ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ድሃው በጣሳ የሚገዛው አርቆ ማሰብ አቅቶት አይደለም፤ እጁ ላይ ያለው የጣሳ ገንዘብ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ከባንክ ይልቅ ዕቁብ ይቀርባል። ከመስከረም ጀምሮ የሚጣልና ለሁሉም በጥርና በየካቲት በእህል መልክ የሚወጣ ዕቁብ ቢቋቋም በጅምላ ዋጋ መግዛት ይቻላል፣ የጭነቱም ወጪ ይከፋፈላል። ሐረርጌ ውስጥ አፎሻ የሚባለው መረዳጃ ማኅበር ድንኳንና ድስት ለሐዘን ቀን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ከረጢትም ማስቀመጥ አያቅተውም። ዘመድ መጥቶ “ካለሽ አበድሪኝ” ሲልም “የአፎሻው ነው” የሚል መልስ ይገኛል። ይህ ቀልድ ቢመስልም ቤት ውስጥ የተቀመጠን እህል ከነቀዝ ባልተናነሰ የሚበላው ይሉኝታ ነው።

ውሃውስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቅድሚያ ያለው ሮቶ ያለው ነው። የሌለው በአህያ ጋሪ የሚመጣውን በጄሪካን ይገዛል፤ የቧንቧው ፈረቃ በዘገየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የጣሳው ማሽላ ታሪክ ነው እንግዲህ። ለመጠጥ ብቻ በቀን ለሰው 3 ሊትር ቢያዝ ስድስት ሰው ለሳምንት 126 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃዋል። ለማብሰያና ለመታጠቢያ ጨምሮ 15 ሊትር ከተባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ 11 ቀን ያቆያል። አፈ ጠባብ ጄሪካን ከበርሜል ይሻላል፤ ኩባያ የያዘ እጅ አይገባበትም። በክሎሪን የሚታከም ከሆነ “ውሃ አጋር” የተባለው ማከሚያ አለ። ለጫት የሚረጨው ኬሚካል የመጣበት ጄሪካን ግን ቢታጠብም ባይታጠብም ውሃ አይያዝበት፤ በዚህ አካባቢ ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ባለፈው ጭሮ ያረፍኩበት ግቢ አንዲት ተከራይ እናት አሉ። ሰባት ቢጫ ጄሪካን ከአልጋቸው ሥር ደርድረው እያንዳንዱ ላይ ውሃው የተቀዳበትን ቀን በከሰል ጽፈዋል። የቆየው ቀድሞ ይወጣል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል። እህሉስ ብላቸው “ልጄ፣ አልጋው ከዚህ በላይ ከፍ አይልም” አሉኝ።