ሁለት ሲኒ የምትይዝ ጨጓራ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ሰው በስድስት ወር ሠላሳ ኪሎ ቢቀንስ ጎረቤቱ «ምን ብታደርግ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ «ምን ነካህ?» ነው የሚለው። ከተማዋ ያለችበት ይፋት ድርቅ የሚመላለስበት ቆላ ነው። መክሳት የችግር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሰው የማይነገር ሕመም ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ መወፈር ደግሞ የምቾት። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብሎ ጨጓራውን ያስቀነሰ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሐኪሙን ጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት ብቻ አይደለም ይዞ የሚገባው። ያንን ሥርዓት ለእናቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለለቅሶ ቤቱ ሁሉ የማስረዳት ጭንቅም አብሮት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። አዲስ አበባ ለብቻዋ ስትታይ የወፈሩት ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ። ቀዶ ሕክምናው በዋና ከተማዋ በአንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ አቅም ያለው ሕንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል። ከይፋትና ከደቡብ ወሎ ደግሞ ብዙ ወጣት ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሰደዳል፤ እነዚህ አገሮች ይህ ቀዶ ሕክምና በስፋት ከሚሠራባቸው መካከል ናቸው። ታካሚው ይዞት የሚመጣው የአመጋገብ ወረቀት ታዲያ ለሌላ አገር ወጥ ቤት የተጻፈ ነው። አጃ ይላል፣ ስብ የሌለው አይብ ይላል፣ በዱቄት የሚሸጥ ፕሮቲን ይላል። በማሽላ እንጀራና በሽሮ ያደገ ሰው ወረቀቱን አጥፎ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም። ነገር ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ለምን እንደተጻፈ ከገባው፣ አብዛኛውን ከራሱ ማጀት ሊፈጽመው ይችላል።

የዚህ ሕክምና መነሻ የጨጓራ ቁስለት ነው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፣ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሰዎች እንደሚከሱና መልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ አስተዋለ። ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆኖ በ1960ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያውን ባይፓስ የሞከረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በባይፓስ የጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል፤ ምግቡ የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ደግሞ ጨጓራውን በቁመቱ ቆርጦ ከ75 እስከ 80 በመቶውን ያወጣል። የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው። ሲፈጠር ግን ጨጓራው ከአንድ ሊትር በላይ ይለጠጥ ነበር።

ብዙ ሰው ሕክምናው የሚሠራው ቦታ በማጥበብ ብቻ ይመስለዋል። ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ግሬሊን የተባለውን ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ሲያገኙ ሌላ ነገር ታየ። ግሬሊን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣው ይኸው ክፍል ነው። በዚህ ላይ ምግቡ ወደ ታችኛው አንጀት ቶሎ ስለሚደርስ አንጀቱ «ጠግበሃል» የሚሉ ሆርሞኖችን ከበፊቱ አብልጦ ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዳንዱ ታካሚ መብላቱን እስኪረሳ ድረስ ረሃብ የሚጠፋው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ከ4000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለው የስዊድን ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት አንጻር በ29 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ይኸው ጥናት ሌላም አሳይቷል፦ ክብደቱ በጣም የሚወርደው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፊሉ ይመለሳል። የረሃቡ ዕረፍት ጊዜያዊ ስለሆነ ልማዱ መተከል ያለበት በዚያ ዕረፍት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የተቆረጠው ጨጓራ በጥቃቅን የብረት ስፌቶች ተይዟል፤ ስፌቱ ሳይድን ጠጣር ምግብ ቢገፋው ሊያፈስ ይችላል፤ ማፍሰስ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ ሦስተኛውና አራተኛው የተፈጨ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ለስላሳ፣ ቀጥሎ የቤት ምግብ ይሆናል። ይፋት ለዚህ ደሃ አይደለችም። የተጣራ የዶሮ ወይም የአጥንት መረቅ፣ አሬራ፣ የፈላ ወተት፣ ስኳር ያልገባበት ቀጭን አጥሚት ለፈሳሹ ጊዜ ይበቃሉ። የአፋር እናቶች ወደ ገበያ የሚያመጡት የግመል ወተትም ይሆናል፤ ግን ካልፈላ አይነካም፤ በጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፤ አሲዱ የቀነሰ ጨጓራ ደግሞ ተሕዋስያንን የመግደል አቅሙ ደክሟል። በሦስተኛው ሳምንት ማሾ ይገባል። ቀወት ወረዳና አካባቢው ማሾን የሚያመርተው በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ነው፤ ገበሬው ይሸጠዋል እንጂ ከራሱ ድስት ብዙም አይገባም። ተከክቶ፣ በደንብ በስሎ፣ በርበሬ ሳይነካው የተፈጨ የማሾ ሾርባ ግን ከውጭ ከሚመጣው ከብዙው የታሸገ ምግብ ይሻላል እላለሁ። ፕሮቲን አለው፣ ከባቄላ ይልቅም ለሆድ ይቀላል።

ከሁለተኛው ወር በኋላ የሚመጣው ፈተና እንጀራ ነው። በእኛ ማዕድ እንጀራ ምግብም ማንኪያም ነው፤ ወጡ ወደ አፍ የሚደርሰው በእንጀራ ተጠቅልሎ ነው። ሐኪሙ ግን «ፕሮቲኑ ይቅደም» ይላል፤ ምክንያቱም በሁለት ሲኒ ቦታ እንጀራው ቀድሞ ከገባ መረቁን መጥጦ ያብጥና ለምስሩ፣ ለእንቁላሉ፣ ለሥጋው ቦታ አይተውም። ፕሮቲን ያነሰው ሰውነት ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ያቀልጣል፤ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚታየው የፀጉር መርገፍም ይባባሳል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ለዓይን እንግዳ ነው፦ ወጡን በማንኪያ መብላት፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ መቅመስ። በደንብ እያኘኩ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስዶ። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከተበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል።

ስኳር ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ባይፓስ ላደረገ ሰው። ጣፋጭ ፈሳሽ ከትንሿ ከረጢት ተንደርድሮ አንጀት ውስጥ ሲገባ ከደም ውሃ ይስባል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊያዞር ይችላል። አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ፣ ብርዝ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በመንገድ ዳር የሚሸጠው የማንጎ ጁስ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ፍሬው ግን ከነሥጋው በትንሽ በትንሹ ቢበላ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ብዙዎች ይችሉታል። የሸዋ ሮቢት ፓፓያ ለስላሳ በመሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ጾም ላይ ቆም እንበል፤ በይፋት ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የቀኑ ፕሮቲን ቢያንስ 60 ግራም እንዲሆን ይመከራል። በፍስክ ቀን ሁለት እንቁላል 12፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ 100 ግራም የዶሮ ሥጋ ከ25 በላይ፣ ትንሽ የማሾ ወጥ 7 ግራም ያህል ይሰጣሉ፤ 60 ይሞላል። በጾም ቀን ግን 100 ግራም የበሰለ ማሾ የያዘው 7 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ 60 ለመድረስ ከ800 ግራም በላይ መብላት ያስፈልጋል። ሁለት ሲኒ የምትይዝ ጨጓራ ይህን አትችልም። ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾምና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ የዓመቱን ግማሽ በፕሮቲን ጉድለት ያሳልፋል ማለት ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ጉድለቱን ሊሞላ ይችላል፤ የሚችል ሰው ያንን ይጠቀም።

በረመዳን ችግሩ ውሃው ነው። የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ሰውነት ቢያንስ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ይፈልጋል፤ የተቆረጠ ጨጓራ ደግሞ በጉንጭ በጉንጭ እንጂ በብርጭቆ አይቀበልም። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ሌሊት፣ ምግብም እንቅልፍም እየተሻሙት፣ ያንን ሁሉ ውሃ ማስገባት አዳጋች ነው። የሰውነት ድርቀት ታካሚዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሐኪሞች ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልፍ አትጹሙ የሚሉት ለዚህ ነው። ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው በር አላቸው፤ ሕመምተኛን አያስገድዱም። የሚያስጨንቀኝ በዚያ በር ለመግባት እውነቱን ለንስሐ አባት ወይም ለኢማም መናገር ማስፈለጉ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የደበቀ ሰው ጾሙንም ደብቆ ይጾማል፤ እንዲህ ያለው ሰው ራሱን ስቶ እስኪወድቅ የሚያውቅለት የለም።

ቫይታሚኖቹ የዕድሜ ልክ ናቸው። ቢ12 በአንጀት የሚመጠጠው ጨጓራ ከሚያመነጨው አንድ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው፤ ጨጓራው ሲቀንስ ይህም ይቀንሳል። ጉበት ግን የዓመታት ክምችት ስላለው ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ክኒኑን ከተወ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ በእግር መደንዘዝና በደም ማነስ ይመጣል። ብረት ደግሞ በዋናነት የሚመጠጠው ባይፓስ በሚዘለው የአንጀት ክፍል ነው። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ የቀረችውንም ብረት አስሮ ያስቀራል፤ አቦሉ አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ጥሩ ነው። የብረትና የካልሲየም ክኒኖች ስለሚሻሙ በተለያየ ሰዓት ይዋጣሉ።

ታያሚን የሚባለው ቢ1 ከሁሉም ይፈጥናል፤ የሰውነት ክምችቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ የሚያስታውክ፣ ዓይኑ የሚወላገድ፣ እርምጃው የሚንገዳገድ፣ ግራ የሚጋባ ታካሚ ለነገ የሚባል አይደለም። ጤና ጣቢያ ሲደርስም ቀዶ ሕክምና ማድረጉን መናገር አለበት፤ ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ቢንጠለጠልለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳትና የልብ ትርታ መፍጠንም እንዲሁ በዚያው ቀን ሐኪም ይፈልጋሉ።

ስለ ሌሎች ልማዶችም አንዳንድ ነገር ልበል። ሸዋ ሮቢት በትምባሆ እርሻዋ ትታወቃለች፤ ጢስ ግን አዲሱን መጋጠሚያ ያቆስላል። ለወገብና ለራስ ምታት ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ፤ ባይፓስ ያደረገ ሰው ከነአካቴው ቢርቃቸው ይሻላል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ አስቀድሞ ትንሽ የሚበላ ሰው የቀረውን ፕሮቲን ያጣበታል፣ አብሮት የሚቀርበው ለስላሳም ስኳር ነው። ጠጅና አረቄ ከበፊቱ ፈጥነው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ከባይፓስ በኋላ በሁለተኛው ዓመት በመጠጥ ሱስ የሚጠቃ ሰው ቁጥር እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል።

የጉርሻው ነገር ግን የታካሚው ብቻ አይደለም። ሠርግ ላይ «በሞቴ!» ተብሎ የተዘረጋ እጅ እምቢ ሲባል ፍቅር የተገፋ ይመስላል። አንዲት ትልቅ ጉርሻ ደግሞ በዚያች ጨጓራ ላይ ሙሉ ምሳ ናት፤ ተሰንቅራ የደረት ሕመምና ማስታወክ ልታመጣ ትችላለች። ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ እናት በትንሽ ሰሃን ከማንኪያ ጋር ለይታ ብታቀርብ፣ ታላቅ ወንድም «ሐኪም ከልክሎታል» ብሎ ቢመልስለት፣ ታካሚው በየቤቱ ከመሟገት ያርፋል። በእኔ እምነት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪም ዘንድ አብሮ መቅረብ ያለበት ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ዘመድ ሳይሆን ምግብ የሚያበስለው ነው።

የደም ምርመራው በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊስተካከልለት ይገባል፤ ሴቶች ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከእርግዝና እንዲቆዩ ይመከራል። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ በደብረ ሲናና በጣርማ በር ያልፋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒት ፍለጋ መውጣት የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ የቢ12፣ የብረት፣ የካልሲየምና የመልቲቫይታሚን ቢያንስ የሦስት ወር ስንቅ ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ወር ሲያልቅም አራተኛው መገዛት።