በብሩሽ የተሣሉ ኃያላን፦ የአሌክስ ሮስ ሽፋኖችና ሰብሳቢዎቻቸው

አሜሪካዊው ሠዓሊ አሌክስ ሮስ የሱፐርማንን ሽፋን ሊሠራ ሲነሳ ብሩሽ ከመንካቱ በፊት ካሜራውን ያወጣል። ከወዳጆቹ አንዱን አቁሞ፣ መብራቱን ከአንድ ወገን አብርቶ ፎቶ ያነሣዋል። ጥላው ከአገጭ ሥር የት ድረስ እንደሚወርድ፣ ጨርቁ ክርን ላይ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ ደረት ሲነፋ ትከሻ ወዴት እንደሚሄድ ከፎቶው ያጠናል። ከዚያ የሚወጣው ሱፐርማን ወገቡ ደልደል ያለ፣ ዐይኑ ዳር የተሸበሸበ፣ ገበሬ ቤት ማደጉ የሚያስታውቅ ጎልማሳ ነው። አየር ላይ ሲንሳፈፍ እንኳ ክብደት እንዳለው ይታያል። እነዚህን ሽፋኖች እያሳደዱ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ለምን እንደሚያሳድዷቸው ይገባኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት በቅብብሎሽ የሚሠራ ነገር ነው። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያደምቀዋል፤ ሦስተኛው ቀለም ይቀባል፤ አራተኛው የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ይጽፋል። በየወሩ መውጣት ስላለበት አንድ ሰው ብቻውን ሊደርስበት አይችልም። ወረቀቱም ለብዙ ዘመን ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነበርና ስስ የቀለም ልዩነት አያወጣም፤ የሚያዋጣው ወፍራም ጥቁር መስመርና በመስመሩ ውስጥ የተሞላ ደማቅ ቀለም ነበር። የሱፐርማን ሰማያዊ ልብስና ቀይ ካባ ለዚህ ዓይነት ኅትመት የተመቹ ነበሩ።

ሽፋኑ ግን ከውስጥ ገጾች የተሻለ ወረቀት ያገኝ ነበር። ስለዚህ በብሩሽ የተሣለ ሽፋን ከሮስ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ጎልድ ኪ የተባለው አሳታሚ በ1960ዎቹ እንደ «ቱሮክ» እና «ማግነስ» ላሉ መጽሔቶቹ የተሣሉ ሽፋኖች ይሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን ፍራንክ ፍራዜታ ለ«ክሪፒ» እና ለ«ኢሪ» አስፈሪ መጽሔቶች የሣላቸው ዛሬም ድረስ ይቀዳሉ። በ1980ዎቹ ቢል ሲንኬቪች እና ዴቭ ማኪን ብሩሹን ወደ ኃያላኑ ሠፈር አመጡት። የእነሱ መንገድ ወደ ቅዠት ያደላ ነበር፤ ቀለም ይረጫል፣ ፊት ይቀልጣል፣ ሌሊትና ሕልም ይደባለቃል። ሮስ ከእነሱ ተቃራኒውን ይዞ መጣ፤ ጎዳና ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየውን ነው የሣለው።

ሮስ በ1970 በኦሬገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ተወልዶ በቴክሳሷ ላቦክ ከተማ አደገ። አባቱ ፓስተር፣ እናቱ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበሩ። ቺካጎ በሚገኘው በአሜሪካን አካዳሚ ኦፍ አርት ተማረ፤ ከዚያም ሊዮ በርኔት በተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ገና ያልተቀረጹ ማስታወቂያዎችን ትዕይንት በትዕይንት የመሣል ሥራ ያዘ። ደንበኛ በአንድ እይታ እንዲገባው አድርጎ መሣልን የሚያስገድድ ሥራ ነው፤ በኋላ በሽፋኖቹ ላይ የሚታየው ግልጽነት ብዙው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የሚያደንቀውም የኮሚክ ሠዓሊዎችን ብቻ አይደለም። ኖርማን ሮክዌል፣ ሌየንደከር እና አንድሩ ሉሚስ፣ ማለትም የአሜሪካን ተራ ሰው በመጽሔት ሽፋንና በማስታወቂያ ላይ ያከበሩት ሠዓሊዎች፣ በሥራው ውስጥ በግልጽ ይታያሉ።

ስሙን ያስጠራው በ1994 ከደራሲው ከርት ቡሲክ ጋር የሠራው «ማርቭልስ» ነው። ታሪኩ የሚነገረው በፊል ሼልደን፣ በአንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ዐይን ነው። ሼልደን በ1939 የሚነድድ ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያይ ይጀምርና እስከ ስፓይደርማን ፍቅረኛ ሞት ድረስ ይዘልቃል። ኃያል ጉልበት የለውም፤ ሥራው ማየትና መፍራት ነው። የሮስ የሥዕል ዘዴ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ሽፋኖቹም ለሰብሳቢ የተሠሩ ያህል ናቸው። የመጽሔቱ ስም የታተመው ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከላዩ በተደረበ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ነው። ፕላስቲኩን ሲገልጡት ፊደል ያልነካው ሥዕል ብቻውን ይቀራል። ችግሩ ይህ ፕላስቲክ በቀላሉ መጫጫሩ፣ ጠርዙም መሰንጠቁ ነው። ገዢ ከሁሉ በፊት መመርመር ያለበት እሱን ነው።

አሣሣሉን ማወቅ ሽፋኑን ለማየት ይረዳል። ሮስ ፎቶውን አጥንቶ በእርሳስ ይነድፋል። ቀጥሎ ሥዕሉን በሙሉ በጥቁርና በግራጫ የውኃ ቀለም ይሠራዋል፤ በዚህ ደረጃ ላይ የድሮ ፎቶግራፍ ይመስላል። ብርሃንና ጥላው እዚህ ካለቀ በኋላ ነው ቀለሙ ከላይ የሚደረበው። የሚጠቀመው ጉዋሽ ነው፤ እንደ ውኃ ቀለም በውኃ የሚበጠበጥ፣ ግን ወፈር ሲያደርጉት ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ቀለም። ሳሳ አድርጎ ሲቀባው ግራጫው ከሥር ይታያል፤ ቀዩ ካባ እጥፋቱ ውስጥ የሚጠቁረው በዚህ ነው። የሚያበራ ነገር ሲኖር፣ የእሳት ወጋገን ወይም የመብረቅ ጭላንጭል ሲያስፈልግ፣ ቀለሙን በአየር በሚረጭ ብዕር ያለሰልሰዋል። ዘይት ቀለም ቢሆን ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ የወር ቀጠሮ ያለበት ሰው ያንን አይችልም።

በ1996 ከደራሲ ማርክ ዌይድ ጋር የሠራው «ኪንግደም ከም» ኃያላኑን አስረጃቸው። ሱፐርማን ጠጉሩ ሸብቷል፤ ባትማን ያለ ብረት ድጋፍ አይቆምም። ታሪኩን የሚያሳየን ኖርማን ማኬይ የተባለ ሽማግሌ ፓስተር ሲሆን፣ ለመልኩ የቆሙት የራሱ የሮስ አባት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሮስ ይበልጥ ወደ ሽፋን አዘነበለ። ሙሉ መጽሔት መሣል ወራት ይበላል፤ ሽፋን ግን አንድ ሥዕል ነው። ከ1995 ጀምሮ የ«አስትሮ ሲቲ»ን ሽፋኖች ሣለ፤ በኋላም የስፓይደርማንን፣ የካፕቴን አሜሪካን፣ ከ2018 እስከ 2021 ደግሞ የ«ኢሞርታል ሀልክ»ን።

ሮስን የማይወዱ ሰዎች የሚሉት ነገር አለ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሰዎቹ ሐውልት ይመስላሉ ይላሉ። በውስጥ ገጾች ላይ እኔም እስማማለሁ፤ የኮሚክ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ የሣለው ቡጢ ከገጹ ወጥቶ ይመጣል፣ የሮስ ቡጢ ግን ለፎቶ እንደቆመ ይቀራል። ሽፋን ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሽፋን አንባቢን ከመደርደሪያው ፊት ለአፍታ ማስቆም ነው ሥራው፤ ለዚያ ደግሞ የቆመ ነገር ከሚሮጥ ነገር ይሻላል። የሀልክን ሽፋኖች ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ጭራቁ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ያያችኋል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንምጣ። ኮሚክ የሚሸጡ ሱቆች የአንድ ወር መጽሔትን በአንድ ሽፋን ብቻ አይደለም የሚያገኙት። ውስጡ አንድ ዓይነት ሆኖ ሽፋኑ የተለያየ ብዙ ቅጂ ይታተማል። አንዳንዱ ሽፋን በቁጥር የታሰረ ነው፤ ሱቁ ተራውን ሽፋን 25 ካዘዘ ልዩው አንድ ይሰጠዋል፤ 50 ወይም 100 የሚያስገድዱም አሉ። ስም፣ ዋጋና ቁጥር ሳይጻፍበት ሥዕሉ ብቻ የታተመበት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይፈለጋል። ለሮስ ሥዕል ይህ የሚገባው ይመስለኛል፤ ቢሆንም ዋጋውን የሚሰቅለው ብዙ ጊዜ ውበቱ ሳይሆን ለሱቁ የተወሰነለት ቁጥር መሆኑን መርሳት አይገባም።

በ2000 ሥራ የጀመረው ሲጂሲ የተባለ ድርጅት መጽሔቱን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጥና በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ሠዓሊው በሠራተኞቹ ፊት ከፈረመበትም በቢጫ ወረቀት ይመሰክርለታል። ለሻጭና ለገዢ መተማመኛ ነው፤ አልነቅፈውም። የታሸገ መጽሔት ግን አይገለጥም። 9.8 የሚለው ቁጥር ከሥዕሉ በላይ ሲጮህ የሚሰበሰበው ነጥብ እንጂ ሽፋን አይደለም።

ብዙዎች የታተመውን ሽፋን የዋናው ሥዕል ደካማ ግልባጭ አድርገው ያዩታል። እኔ እንዲያ አላየውም። ሮስ ሲሥል ሥዕሉ ተቀንሶ ወደ 17 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚታተም፣ ከላዩ ስም እንደሚሰፍርበት፣ በጥቂት ዶላር እንደሚሸጥ ያውቃል። የፊትን አቀማመጥ፣ ለርዕሱ የሚተወውን ባዶ ቦታ፣ የጥላውን ጥንካሬ ለዚያ ብሎ ነው የሚወስነው። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ የሥራው መድረሻ ነው።

በብሩሽ የተሣለው ዋናው ሥዕል ሌላ ዓለም ነው። ፍራዜታ በ1969 ለ«ኢሪ» ሽፋን የሣላት የግብፅ ንግሥት በ2019 ጨረታ ላይ 5.4 ሚሊዮን ዶላር ወጣባት። የሮስን ዋና ሥዕሎች ሙዚየሞች ሰቅለዋቸዋል፤ በ2011 በፒትስበርግ የሚገኘው የአንዲ ዋርሆል ሙዚየም፣ ቀጥሎም በ2012 የኖርማን ሮክዌል ሙዚየም። ከሮክዌል የተማረ ሰው በሮክዌል ቤት መሰቀሉ ደስ ይላል።

የታተመውን ለመያዝ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ ብርሃን፣ እርጥበትና ወረቀቱ ራሱ። ርካሽ ወረቀት በውስጡ አሲድ ስላለበት ብቻውን ይበጫል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ያደበዝዘዋል። ተራ የገበያ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ስለሚጎዳው ማይላር የሚባለውን ይጠቀሙ፤ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይደግፉበት፤ ሣጥን ውስጥ አቁመው እንጂ ደራርበው አያስቀምጡ። ግድግዳ ላይ መስቀል ያማረው መስኮት የማያገኘውን ግድግዳ ይምረጥ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖርና መጀመር የሚያስብ አንባቢ ካለ ምክሬ ይህ ነው። የ«ኢሞርታል ሀልክ»ን ተራ ሽፋኖች ይፈልግ፤ 50 ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር 1ን ግን ለመጨረሻ ይተወው፤ ሁሉም የሚሻማው በእሱ ላይ ነው። ከመሃል ያሉትን ሱቆች ርካሽ መጽሔቶችን በሚያኖሩባቸው ሣጥኖች ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ሥዕሎቹም ከመጀመሪያው አያንሱም።