ከኪሱ በፊት ስፌቱን

ባለጎን ኪስ ሱሪ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «የወታደር ነው» ይላል። ገዢውም ብዙ ጊዜ ከዚያ አልፎ አይጠይቅም፤ እሾህ የማይበጥሰው፣ ድንጋይ የማይልጠው፣ ዓመታት የሚያገለግል ልብስ እንደያዘ ተማምኖ ይከፍላል። ለመስክ ሥራ፣ ለግንባታ፣ ለእርሻ ወይም ለተራራ ጉዞ ሱሪ የሚፈልግ ሰው ግን እዚህ ላይ ባይቆም ይሻለዋል። ሠራዊቶች ላለፉት ሰማንያ ዓመታት ለወታደሮቻቸው ያደሏቸው ሱሪዎች እንከን አልባ አልነበሩም። አንዱ ሳስቶ ተቀደደ፣ አንዱ ጠንክሮ በሙቀት አላስቀምጥ አለ፣ ሌላው ብሽሽቱ ላይ ተተረተረ፤ ከእያንዳንዱ ቅሬታ በኋላም ማስተካከያ መጣ። እኔ እንደማየው ለሲቪል ገዢ ከሱሪው መልክ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ የቅሬታ መዝገብ ነው። ወታደሩ በምን እንደተማረረ የሚያውቅ ሰው ሱቅ ሲገባ የት የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

ሁሉም ቀድሞ የሚያየው ኪሱን ስለሆነ ከዚያ እንነሳ። የእንግሊዝ ጦር በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የሱፍ የውጊያ ልብስ ሱሪ ግራ ጭን ላይ ካርታ የሚይዝ ትልቅ ኪስ ነበረው። ከጎን ተነፍቶ የሚታየውን ኪስ ያስፋፉት ግን ይበልጡን የአሜሪካ ፓራሹተኞች ናቸው። ዊሊያም ያርቦሮ የተባለው መኮንን በ1942ቱ የዝላይ ልብስ ላይ በሁለቱም ጭኖች ሰፋፊ ኪሶች እንዲሰፉ አደረገ። ከአውሮፕላን የሚዘል ወታደር ከወገኖቹ ተነጥሎ ሊያርፍ ስለሚችል ምግቡንም ጥይቱንም በላዩ ላይ ይዞ መውረድ ነበረበት። ኪሱ ሲጠቀጠቅ ግን ጨርቁ አልቻለውም። በ1944 ከኖርማንዲ ዘመቻ በፊት ፓራሹት የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ኪሶቹንና ጉልበቱን በሸራ ደረቡላቸው፤ ጭነቱ እየተወዛወዘ እንዳያስቸግርም ጭን ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ጨመሩበት።

ይህ ታሪክ ዛሬም ይሠራል። ጭን በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነሳና የሚወርድ አካል ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ ከባድ ዕቃ አብሮ ይወዛወዛል፤ ወገቡን ወደ ታች ይጎትታል፣ የኪሱን የላይኛ ማዕዘኖችም ቀስ በቀስ ይተረትራል። መዶሻና ፒንሳ የቀበቶ ዕቃዎች ናቸው። የጭን ኪስ የሚመቸው ለቀላልና ለጠፍጣፋ ነገር ነው፦ ለማስታወሻ ደብተር፣ ለጓንት፣ ለፋሻ፣ ለታጠፈ ካርታ። እንግዲህ የኪሱ ብዛት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። አራት ማዕዘኖቹ ላይ ጥቅጥቅ ያለ አጭር የዚግዛግ ስፌት አለው ወይ? ሲሞላ የሚከፈት እጥፋት አለው ወይ? ጉልበት ላይ ሳይደርስ ከፍ ብሎ ተሰፍቷል ወይ? እጥፋት የሌለው፣ እንደ ልጣፊ የተለጠፈ ኪስ ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ እጅ ግን በወጉ አይገባበትም።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። አሜሪካኖች ለቬትናም ጫካ ያዘጋጁት ሱሪ ከስስ ጥጥ የተሠራ፣ በሙቀትና በዝናብ ቶሎ የሚደርቅ ነበር። ስስ ጨርቅ በቅርንጫፍ ሲያዝ ይቀደዳልና በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ሪፕስቶፕ የተባለውን ሽመና አስገቡበት። ይህ ሽመና ቀድሞ ለፓራሹት ናይለን የዋለ ነው። አሠራሩን የአገራችን ሸማኔ ወዲያው ይረዳዋል፤ በድሩም በማጉም በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር ይገባል፣ ጨርቁም በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ይመስላል። ቀዳዳ ሲጀምር ወፍራሙ ክር ላይ ደርሶ ይቆማል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሪፕስቶፕ መቀደድ እንዳይሰፋ ይከላከላል እንጂ በመታሸት ማለቅን አያስቀርም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሚንቶ ላይ የሚውል ሰው የሚያስፈልገው ወፍራም ክርና ድርብ ጨርቅ ነው። ቀጋና ግራር መሃል የሚመላለስ ሰው ግን ከሪፕስቶፕ የበለጠ አያገኝም።

በ1981 የአሜሪካ ጦር ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ግማሽ ጥጥ፣ ግማሽ ናይለን የሆነ፣ እንደ ጂንስ ሰያፍ መስመር የሚታይበት ጠንካራ ጨርቅ መረጠ። ጨርቁ በጥንካሬው አልታማም፤ በሞቃት አገር የለበሱት ወታደሮች ግን አየር አያስገባም ብለው አማረሩ፣ በ1983 ወደ ግሬናዳ ደሴት የዘመቱት በተለይ። ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነ ቀላል ሪፕስቶፕ መጣ፤ እሱ ደግሞ ነፋሻ ሆኖ ቶሎ የሚያልቅ ሆነ። በ1990ዎቹ ግማሽ ጥጥ ግማሽ ናይለን የሆነው ቀላል ሪፕስቶፕ ቦታውን ያዘ። ክብደቱ በካሬ ሜትር 220 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ መመላለስ የምንረዳው ጥንካሬ፣ ቅዝቃዜና ቶሎ መድረቅ በአንድ ጨርቅ ውስጥ እኩል እንደማይገኙ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። የጀርመን ጦር ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ጥቅጥቅ ያለ የሞልስኪን ጥጥ ነፋስ በመመከትና መታሸትን በመቋቋም ረገድ የተመሰገነ ነው፤ ከረጠበ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚመሰገን ሱሪ አዋሽ በረሃ ላይ ቅጣት ይሆናል።

ገበያ ላይ «የወታደር» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ሱሪ ከፖሊስተርና ከጥጥ ድብልቅ የተሠራ ነው። ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ፖሊስተር ውኃ እምብዛም ስለማይጠጣ ሱሪው ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙንና ቅርጹንም ይይዛል። ናይለን ግን ሲታሸት ይበልጥ ይጸናል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ የውስጥ ምልክቱ ላይ የተጻፈውን መቶኛ ማንበብ የሻጩን ንግግር ከመስማት ይሻላል። ምልክት ከሌለው ጨርቁን ወደ ብርሃን ማንሳት ነው፤ ማዶውን በግልጽ የሚያሳይ ከሆነ ለሽርሽር እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ስፌቱ ደካማ ከሆነ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ በ2004 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ጦር የደንብ ልብስ ነው። ብዙ ጥናትና ሙከራ ተደርጎበት የወጣ ልብስ ነበር፤ አፍጋኒስታንና ኢራቅ ላይ ወታደሮቹ ሲሮጡና ሲንበረከኩ ግን ብሽሽቱ ይተረተር ጀመር። ሠራዊቱ ስፌቱን ለማጠናከር ተገደደ። የጭን ኪሶቹ ክዳን ቬልክሮ ነበር፤ እሱም አሸዋና ጭቃ ሲገባበት መያዙን ያቆማል፣ ሲከፈትም ይጮኻል። በ2010 አካባቢ ወደ ተራው ቁልፍ ተመለሱ። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ተቋም በብሽሽት ስፌትና በኪስ መዝጊያ ከተሳሳተ፣ ስሙ በማይታወቅ ፋብሪካ የተሠራ ሱሪ «የወታደር» ስለተባለ ብቻ ሊታመን አይችልም።

ስለዚህ ሱሪውን ገልብጦ ማየት ነውር አይደለም። የእግሩ ስፌት ጨርቁ እርስ በርሱ ታጥፎ በሁለት ወይም በሦስት መስመር የተሰፋ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በኦቨርሎክ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ከባድ ሥራ አይችልም። አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ብሽሽት ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ እግር ሲከፈት የሚመጣው ጫና በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም፤ ከዚህ ዓይነት ሱሪ አንዱን ካገኙ ኪሱ ቢያንስም ይግዙት እላለሁ። ልክ ሲለኩም ቆሞ መስተዋት ማየት አይበቃም። ቁጢጥ ማለት፣ አንድ እግርን ወንበር ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ጠባብ ሱሪ ጨርቁ ምንም ቢጠነክር ብሽሽቱ ላይ መፈንዳቱ አይቀርም።

ለጂንስ ጠበቃ የሚቆም አይጠፋም፤ ጂንስ ለሠራተኛ የተሠራ ልብስ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ወፍራም ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የሥራ ጂንስ በካሬ ሜትር 400 ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ደረቅ ቦታ ላይ ለሚሠራ መካኒክ ወይም አናጢ ከዚህ የተሻለ ማቅረብ ይከብዳል። ክረምት ላይ እርጥብ ሳር ውስጥ ለሚውል ወይም ሰሜን ተራሮች ላይ ለሚያድር ሰው ግን ያው ክብደት ጠላቱ ይሆናል፤ ውኃ የጠጣ ወፍራም ጥጥ እግርን ያከብዳል፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ከፍታ ላይ ሙቀት ይሰርቃል፣ ጠዋትም ሳይደርቅ ይጠብቃል። «ርካሹን ገዝቶ ሲያልቅ መቀየር አይሻልም ወይ?» ለሚለው ደግሞ በወር አንዴ ለሽርሽር ለሚወጣ ሰው አዎ ይሻላል፤ ገንዘቡን ለጫማ ቢያውለው እመርጣለሁ። በየቀኑ የሚለብሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እጥፍ ዋጋ ያለው ሱሪ ሦስት እጥፍ ጊዜ ካገለገለ ርካሹ እሱ ነው፤ ሥራ መሃል የሚቀደድ ሱሪ የሚያስፈታውን ጊዜ ሳንቆጥር ማለት ነው።

የእሳት ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። ናይለንና ፖሊስተር ሲቃጠሉ ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። በ2006 የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ኢራቅ ውስጥ ከሰፈር የሚወጡ ወታደሮቹ ከእነዚህ ጨርቆች የተሠሩ የስፖርት ልብሶችን እንዳይለብሱ የከለከለው ለዚህ ነው፤ በኋላም ለጦር ሜዳ እሳት የሚቋቋም የተለየ ጨርቅ ቀረበ። በያጅ፣ በዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የሚሠራ ወይም ከሰል የሚያከስል ሰው ኪሱ የፈለገውን ያህል ቢያምረው ድብልቁን ትቶ ሙሉ ጥጥ ይፈልግ። ጥጥም ይነዳል፤ ግን አይቀልጥም።

ቀለሙንም በመልክ ብቻ መምረጥ አደገኛ ነው። ባርቤዶስ፣ ጃማይካና ዚምባብዌ ሲቪሎች ዝንጉርጉር የወታደር ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ይከለክላሉ፤ እዚህ አገርም የመከላከያን ወይም የፖሊስን የደንብ ልብስ ሳይፈቀድለት የለበሰ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሳልባጅ ገበያ ላይ የሌላ አገር ጦር እውነተኛ ሱሪ ሊገኝ ይችላል፤ ጥራቱ ቢያጓጓም ኬላ ላይ ለፈታሽ ማስረዳት ከባድ ነው። ካኪ፣ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ አንድ ቀለም ያለው ሱሪ ያንኑ ሥራ ያለ ጥያቄ ይሠራል፣ አቧራም ይደብቃል።

ጥጥ የሚበዛበት ሱሪ ሲታጠብ ስለሚኮማተር ገና እንደተገዛ እግሩን ማስቆረጥ አይገባም። አንዴ ሁለቴ ከታጠበ በኋላ ወደ ልብስ ሰፊ ይዞ ሄዶ ማሳጠር፣ እግረ መንገድንም ብሽሽቱን በጠንካራ የፖሊስተር ክር አንድ ዙር ማስደገም ብዙ ወጪ የለውም። ከእግሩ የተቆረጠው ጨርቅ ይቀመጥ፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ቀለሙም ውፍረቱም የሚገጥም ልጣፊ ከሌላ ቦታ አይገኝም።