የአክሱም የቆዩ ፎቶግራፎች ምን ይነግሩናል?

በሪያድ መካከል በሚገኘው የመስመክ የጭቃ ምሽግ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶግራፎች ስንመለከት፣ «የእኛስ አገር?» ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

የእኛም አለ። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የጥናት ቡድን አክሱምንና አካባቢዋን፣ ሐውልቶቹንና አብያተ ክርስቲያናቱን ፎቶግራፍ አንሥቶና ለክቶ፣ ውጤቱን በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ አሳትሟል። (ከአባላቱ አንዱ ኤሪክ ካሽኬ ሐኪም እንደ ነበረ ስናነብ፣ ሕክምና የምናጠናው ትንሽ ኮራን።)

የአክሱምን ትልልቅ ሐውልቶች ያየ ሁሉ በፎቆቹ መካከል በረድፍ የተቀረጹትን ክብ ጉብታዎች ያስታውሳል። ትርጉማቸው የሚገኘው ከአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ነው። ግድግዳው በድንጋይና በረጃጅም አግዳሚ እንጨት እየተደራረበ ሲሠራ፣ አግዳሚዎቹን አያይዘው የሚይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ሐውልቱ ይህንኑ የእንጨት ሥራ በድንጋይ የቀዳ ነው። አሠራሩ በደብረ ዳሞ ዛሬም ይታያል። ቡድኑ የመዘገበው የአሥመራው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1920 ስለ ፈረሰ፣ ግድግዳውን የምናየው በሥዕልና በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገር የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ የአጥቢያችሁን ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አንሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ የበሩንና የመስኮቱን ማዕዘን በቅርብ አንሡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ሰው አጠገቡ አቁሙ፤ የቦታውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። በቅርቡ ሊታደስ ነው የተባለ ካለ፣ ከእርሱ ጀምሩ።